ሸሪፍ ሐረር ከተማ ሙዚየም

በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ በጀጎል ውስጥ ካሉት የድንጋይ ቤቶች መሀል በእንጨት ሥራውና በሰገነቱ ተለይቶ የሚታየውን ቤት ሐረር «የራስ ተፈሪ ቤት» ትለዋለች። የሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው። ስሙን ያገኘው ግን ተፈሪ መኮንን የሐረርጌ ገዥ ሳሉ ከወይዘሮ መነን ጋር የጫጉላ ጊዜያቸውን አሳልፈውበታል ስለሚባል ነው። ዛሬ የሸሪፍ ሐረር ከተማ ሙዚየም ነው።

ሙዚየሙ የተወለደው ግን በአቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ መኖሪያ ቤት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከሐረሪ ቤተሰቦች ጓዳ ቅርስ መልቀም ጀመሩ፤ ያገኙትን በገዛ ቤታቸው ለጎብኚ ከፈቱ። በአገሪቱ የመጀመሪያው የግል ሙዚየም የሚባለውም ለዚህ ነው። ወደ ራስ ተፈሪ ቤት የገባው በ2007 ነው።

ለቀማው ቢዘገይ ኖሮ ብዙ ነገር ባመለጠ ነበር። በ1948 የንጉሠ ነገሥቱን አስተዳደር የተቃወመው የኩሉብ እንቅስቃሴ ከታፈነ በኋላ ብዙ ሐረሪ አዲስ አበባ ገባ፤ በደርግ ዘመን ደግሞ ባሕር ተሻገረ። ባለቤቱ የራቀ ዕቃ ደግሞ ሰብሳቢ የለውም።

በመደርደሪያዎቹ ላይ ስፌት፣ የብር ጌጥ፣ ጎራዴና ከተማዋ ራሷ የቀረጸቻቸው ሳንቲሞች አሉ። ከ1647 እስከ 1875 አሚሮቿ ራሳቸውን ችለው የገዟት ሐረር የራሷ ገንዘብ ነበራት።

ከሁሉ በላይ ግን የእጅ ጽሑፎቹ ናቸው። ከሺህ ይበልጣሉ፤ ብዙዎቹም ቁርኣኖች ናቸው። አንዱን ቀረብ ብሎ ማየት ነው፦ ቆዳው መሀል ላይ ጌጥ ታትሞበታል፤ ከኋላ ሽፋኑ የወጣ ምላስ መሳይ ቁራጭ የገጾቹን ጠርዝ አቅፎ ከፊተኛው ሽፋን ሥር ይገባል። አቧራም እጥፋትም ወረቀቱን እንዳይነካው ነው። በ1855 ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በመጽሐፍ ድጉሰት ከምሥራቅ አገሮች ከፋርስ በቀር ሐረርን የሚበልጥ የለም ሲል ጽፏል። ሙያው ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር፤ አቶ አብዱላሂ ጥገናና ድጉሰት ተምረው የተቀዳደዱትን መጻሕፍት መልሰው ይደጉሳሉ። እኔ ከሙዚየሙ ሥራ ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ፤ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ዕቃውን የሚሠራው እጅም ተርፏልና።

ጎብኚ ብዙም የማያስተውለው ደግሞ ድምፁ ነው። የሐረሪ ዘፈንና ዚክሪ (መንፈሳዊ ዜማ) በመቶዎች ለሚቆጠሩ ሰዓታት ተቀድቶ ተቀምጧል። የሐረሪዎች ቋንቋ የሆነችው ጌይ ሲናን ተናጋሪዎቿ ጥቂት ናቸው፤ ካሴቱ ላይ ያሉት ብዙዎቹ አዋቂዎችም ዛሬ በሕይወት የሉም።