በእጅ የሚሳል የምናብ ዓለም ካርታ፦ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ሲታይ

የሮል ፕሌይ ጨዋታ ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው አንድ ታሪክ በጋራ የሚፈጥሩበት ጨዋታ ነው። አንዱ መሪ ሆኖ ዓለሙን ይተርካል። ሌሎቹ እንደየገጸ ባሕርያቸው መንገድ ይመርጣሉ፣ ይደራደራሉ፣ ይዋጋሉ። ነገሩ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል። ለዘርፉ በር የከፈተው ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን አሜሪካ ውስጥ በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። ካርታ ያን ጊዜም አብሮት ነበር። ጨዋታው ለገጠር ጉዞ እንዲያገለግል የመከረው አውትዶር ሰርቫይቫል የሚባል የሌላ ጨዋታ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው በባለ ስድስት ጎን ክፍሎች የተሸነሸነ ስለነበር ያ አከፋፈል እስከ ዛሬ የምናብ ካርታ ልማድ ሆኖ ቀርቷል።

እንዲህ ያለ ካርታ ለመንደፍ ብዙ ሰው ቤተ መንግሥቱን ቀድሞ ይስላል። ውሃውን ማስቀደም ይሻላል። ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ ወይም አቃቂ የሚኖር ሰው ደግሞ ለዚህ የታደለ ነው። ትምህርቱ በዙሪያው ተዘርግቶለታል።

እንጦጦን እንውሰድ። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚነሳ ሰንሰለት ነው። በሰሜን ጀርባው በሱሉልታ በኩል የሚወርደው ዝናብ ወደ ሙገር፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይሄዳል። በደቡብ ፊቱ የወረደው አቃቂ ይገባል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ላይ ተገናኝተው አዋሽን ይቀላቀላሉ። ዓባይ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። አዋሽ ግን ባሕር አያይም፤ በአፋር በረሃ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። በአንድ ሸንተረር ላይ አንድ ክንድ ተራርቀው የወረዱ ሁለት ጠብታዎች ተመልሰው ላይገናኙ ይችላሉ። ሁለት ጠበኛ መንግሥታትን የሚለይ ድንበር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መስመር አላውቅም።

የወንዝ ሕጎች ጥቂት ናቸው፤ ሲጣሱ ግን ካርታው ወዲያው ይጋለጣል። ውሃ ከከፍታ ወደ ዝቅታ ይወርዳል። ወንዞች እየተቀላቀሉ ይሄዳሉ እንጂ መሀል ሜዳ ላይ ለሁለት አይሰነጠቁም። መከፋፈል የሚያምርባቸው ባሕር ወይም ሐይቅ ሊገቡ ሲሉ ነው። ሐይቅ አብዛኛውን ጊዜ አንድ መውጫ አለው። መውጫ ከሌለው ምክንያት ያስፈልገዋል። አቤ ሐይቅ ጨዋማ የሆነው የሚገባው ውሃ በትነት ብቻ ስለሚያልቅ ነው። ጨው ካለ ደግሞ ነጋዴ አለ፣ ግመል አለ፣ ቀረጥ አለ። አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ይህን ሁሉ ይዛ ትመጣለች።

ከውሃ ቀጥሎ ከፍታ ነው። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ የሚለው የአገራችን ክፍፍል ለቀለም ምርጫ በጣም ይመቻል። ቆላውን ቢጫ፣ ወይና ደጋውን አረንጓዴ፣ ውርጩን ግራጫ ማድረግ ይቻላል። እያንዳንዱ ቀለም የሚበላውን፣ የሚለበሰውንና የሚጋለበውን ከብት አብሮ ይናገራል። የተራራ ምልክት ሁሉ አንድ ዓይነት ሦስት ማዕዘን መሆን የለበትም። የረር የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ብቻውን ከሜዳ ይነሳል። እንጦጦ ሰንሰለት ነው። አምባ ደግሞ አናቱ ጠፍጣፋ፣ ጎኑ ገደል ነው። ደብረ ዳሞ እስካሁን በገመድ የሚወጣ አምባ ነው። በየካ ተራራ ላይ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤልም አለ። ይህ ሁሉ እያለልን ከበረዶ አገር የመጣ ግንብና ጥድ እየገለበጡ መሳል ያሳዝነኛል።

ከተማ የሚቀመጠው በምክንያት ነው፤ የሚነሳውም እንዲሁ። በእንጦጦ ብርድ የነበረው የምኒልክ ከተማ ወደ ፍልውሃ ወርዶ አዲስ አበባ በ1886 እ.ኤ.አ. ተቆረቆረች። ብዙም ሳይቆይ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ተቆርጦ አለቀ። ዋና ከተማው ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ግንባታ ሁሉ ተጀምሮ ነበር። ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ መትከል ሲስፋፋ ከተማዋ ባለችበት ጸናች። በወጨጫ ተዳፋት ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ደግሞ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እንደተተከለ በትውፊት ይነገራል። በካርታ ላይ ጫካ ሲሳል ይህን የመሰለ ጥያቄ ሊነሳ ይገባዋል፦ ማን ተከለው? ማን እየቆረጠው ነው? ማገዶው ሲያልቅ ሕዝቡ ወዴት ይሄዳል?

መንገድ ገበያን ይከተላል። ከከተማ ስም አጠገብ የገበያውን ቀን በትንሹ መጻፍ ትልቅ ጥቅም አለው። አንዱ ሰኞ፣ ጎረቤቱ ሐሙስ፣ ሌላው ቅዳሜ ሲሆን ነጋዴው እየዞረ ይውላል፤ ሽፍታውም ቀኑን ያውቃል። በመግቢያው ላይ ኬላ፣ በወንዙ ላይ መሻገሪያ ይሳላል። ክረምትም መርሳት የለበትም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚሞሉትን ወንዞች በነጠብጣብ መስመር መለየት ያው ካርታ ለሁለት ወቅት እንዲሠራ ያደርገዋል።

ለልኬት ባለ ስድስት ጎን አንዱን ክፍል 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ማድረግ የተለመደ ነው። በደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም የእግር መንገደኛ በቀን 24 ማይል ይሄዳል፤ 39 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። በዚህ ስሌት ከአዲስ አበባ ደብረ ሊባኖስ ሦስት ቀን ግድም ይፈጃል። ገደልና ጭቃ ሲኖር ግን ቀኑን ማስረዘም ነው።

ዕቃው ብዙ ወጪ የለውም። ኤ3 ወረቀት፣ ለስላሳ እርሳስ፣ ላጲስና ውሃ የማያስለቅቀው ጥቁር እስክሪብቶ ይበቃል። መጀመሪያ በእርሳስ፣ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ላጲስ። ስሞቹ ከመስመሩ በፊት ቦታ ይያዝላቸው፤ ካልሆነ ፊደላችን ሰፋ ስለሚል ተራራ ላይ ይወጣል። ጽሑፉን በጥቁር፣ የቅዱሳንና የነገሥታት ቦታ በቀይ ማድረግ ከብራና መጻሕፍታችን የሚወረስ ውበት ነው። ወረቀቱን ያረጀ ለማስመሰል ቀዝቀዝ ያለ ሻይ በጥጥ ይቀባል። ይህ መደረግ ያለበት ከመሳሉ በፊት ነው።

መሪው ሁለት ካርታ ቢያዘጋጅ ጥሩ ነው። በእሱ ዘንድ የሚቀረው ሙሉ ሲሆን ለተጫዋቾች የሚሰጠው ከወሬ የተሠራ ነው። በ1450 እ.ኤ.አ. ገደማ የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ የዓለም ካርታውን ሲሠራ ስለ ኢትዮጵያ የጠየቀው ከዚያው የመጡ ካህናትን ነበር። አገራቸውን በእጃቸው ስለው እንዳሳዩትም ካርታው ላይ ጽፏል። የተጫዋቾቹም ካርታ እንዲሁ የእረኛ፣ የነጋዴና የመነኩሴ ቃል ይሁን። ርቀቱ የተዛባ፣ አንዳንዱ ስም የተሳሳተ፣ ሰፊው ቦታ ባዶ ቢሆን ችግር የለውም። ቦታው ላይ ሲደርሱ ተጫዋቾቹ ራሳቸው በእርሳስ ያርሙታል።