አርት ሆቴል ምንድን ነው? በተከፋፈለ አገር ሲሆንስ?

ባህር ዳር አልጋ ስትይዙ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? አብዛኛውን ጊዜ የጢስ ዓባይ ፎቶ ነው። ወይም በታንኳ የሚቀዝፍ ሰው። አንዳንዴ ደግሞ ከሱቅ የተገዛ የአበባ ሥዕል። የአንዱን ክፍል ሥዕል ወደ ሌላው ብታዛውሩት ማንም ልብ አይለውም። እንዲህ ያለው ቤት ሥዕል ያለው ሆቴል ነው። አርት ሆቴል ግን አይባልም።

አርት ሆቴል ማለት ሥዕሉና ቅርፃ ቅርፁ ቢነሣ ትርጉም የሚያጣ ሆቴል ነው። ክፍሎቹን የሚያዘጋጁት ሰዓሊዎች ናቸው፤ እንግዳውም የሚከፍለው ከሥራቸው ጋር ለማደር ጭምር ነው። በርሊን ውስጥ አርቴ ሉዊዝ የሚባል ሆቴል አለ። እያንዳንዱን ክፍል የሠራው የተለያየ ሰዓሊ ነው። ደቡብ ፈረንሳይ ሳን ፖል ደ ቫንስ ውስጥ ያለው ላ ኮሎምብ ዶር ደግሞ ሰዓሊዎች ሲበሉና ሲጠጡ የኖሩበት ቤት ነው። የፒካሶና የማቲስ ሥራዎች እዚያው ግድግዳው ላይ ናቸው። ሙዚየም ስትገቡ አይታችሁ ትወጣላችሁ። እዚህ ግን መብራት አጥፍታችሁ ትተኛላችሁ፣ ጠዋት ስትነሱም ሥዕሉ እዚያው ነው። አንድን ሥራ ደክሟችሁም፣ ነቅታችሁም ታዩታላችሁ። እኔ ትልቁ ልዩነት ይሄ ይመስለኛል።

ነገሩ የሚከብደው ሆቴሉ የቆመበት ቦታ ራሱ የተከፋፈለ ሲሆን ነው። በዓለም ላይ በጣም የታወቀው ምሳሌ ፍልስጤም ውስጥ፣ ቤተልሔም ይገኛል። ከእኛ አገር ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም የሚሳለሙ ሰዎች ቤተልሔምንም ሳያዩ አይመለሱም። ከሁለቱ ከተሞች መካከል የሚያልፈውን ግንብም ያዩታል። እስራኤል ግንቡን መሥራት የጀመረችው በ1994 ዓ.ም. ነው። ከተማ ከተማው ላይ እስከ 8 ሜትር ከፍታ ያለው ኮንክሪት ነው። እስራኤል «የቦምብ ጥቃት የሚከላከል ነው» ትላለች። ፍልስጤማውያን «መሬታችንን የሚቆርጥ፣ ከዘመድ የሚለየን ነው» ይላሉ። የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ1996 ዓ.ም. በሰጠው የምክር አስተያየት በፍልስጤም ግዛት ውስጥ የተሠራው የግንቡ ክፍል ሕገ ወጥ ነው ብሏል።

እንግሊዛዊው የጎዳና ሰዓሊ ባንክሲ በ2009 ዓ.ም. ከዚህ ግንብ ፊት ለፊት ሆቴል ከፈተ። ስሙ ዘ ዎልድ ኦፍ ሆቴል ነው፤ «በግንብ የተነጠለ ሆቴል» እንደማለት ነው። ባንክሲ እውነተኛ ስሙን ደብቆ የሚሠራ ሰው ነው። ሆቴሉ ትንሽ ነው፣ ክፍሎቹ ከአሥር አይበልጡም። ራሱን የሚያስተዋውቀው «ከዓለም ሆቴሎች ሁሉ የከፋ እይታ ያለው» እያለ ነው። መስኮቱን ስትከፍቱ የሚታያችሁ ኮንክሪት ስለሆነ አባባሉ እውነት ነው። ከአልጋ በላይ ከተሳሉት ሥዕሎች አንዱ ላይ አንድ የእስራኤል ወታደርና አንድ ፍልስጤማዊ በትራስ ይደባደባሉ። የትራሱ ላባ በአየር ላይ ይበናል። ገንዘብ ለሌለው እንግዳ ደግሞ ከእስራኤል ጦር ሰፈር የመጡ ተደራራቢ አልጋዎች ያሉት ርካሽ ክፍል አለ።

ምድር ቤቱ እንግሊዞች ፍልስጤምን ያስተዳድሩ በነበረበት ዘመን የነበረውን የባለሥልጣናት ክበብ መስሎ ተሠርቷል። ምቹ ወንበር አለ፣ ሻይ በወጉ ይቀርባል፣ ሰው ሳይነካው የሚጫወት ፒያኖም አለ። በአጠገቡ ያለው ትንሽ ሙዚየም ውስጥ የአርተር ባልፎር ምስል ተቀምጧል። ባልፎር በ1910 ዓ.ም. እንግሊዝ በፍልስጤም ለአይሁድ ሕዝብ ብሔራዊ መኖሪያ መቋቋምን እንደምትደግፍ በደብዳቤ ያሳወቀው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነው። ሆቴሉ የተከፈተውም የደብዳቤው 100ኛ ዓመት በሚከበርበት በፈረንጆች 2017 ነው። ቅኔ ቤት ደጅ ላደገ የጎጃም ሰው ይሄን ማስረዳት አይከብድም። ሻይውና ፒያኖው ሰሙ ነው። ወርቁ እንግሊዝ ላይ የቀረበው ክስ ነው።

ሁሉም ግን አልወደደውም። ከፍልስጤማውያን መካከል ራሳቸው «ግንቡን የቱሪስት መዝናኛ አደረገው» ብለው የተቹ አሉ። ትችቱ ከባድ ነው፤ በቀላሉ መታለፍ የለበትም። የሰው መከራ ፊት ለፊት ቡና እየጠጡ ፎቶ መነሣት እንግዳውን ተባባሪ ያስመስለዋል። በሌላ በኩል ሆቴሉን የሚያስተዳድረውም እዚያ የሚሠራውም የአካባቢው ሰው ነው። የፍልስጤም ሰዓሊዎች ሥራ የሚታይበትና የሚሸጥበት ጋለሪም አለው። እኔ ሚዛኑ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። የቦታው ልጆች ታሪኩን በራሳቸው እጅ ከሣሉት፣ ገንዘቡም ለእነሱ ከደረሰ ሆቴሉ ለቆመበት ሰፈር ይጠቅማል። ታሪኩን ሌላ ሰው ከነገረላቸው፣ ትርፉም ሌላ ቦታ ከሄደ ግን የቀረው ጉብኝት ብቻ ነው። ያም ሆኖ ሆቴሉ ከጦርነት አላመለጠም። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ የጋዛው ጦርነት ሲፈነዳ በሩን ዘጋ።

ወደ እኛ ልመለስ። ጎጃም ለዚህ ሐሳብ ባዕድ አይደለም። ከባህር ዳር በጀልባ ዘጌ ሂዱና ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግቡ። መቅደሱ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኗል። ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ ተሠርተው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ግድግዳን ታሪክ ማስነገር ይህ አገር ጥንት ያወቀው ሙያ ነው። ሆቴሎቻችን ግን ከዚህ ሙያ አልተማሩም። በእውነት ያሳዝነኛል። አንድ ባለሀብት ለመስታወትና ለሴራሚክ ያንን ሁሉ ብር ሲያፈስ ለሰዓሊ የሚከፍለው አይኖረውም።

መከፋፈሉም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ አማራ ክልል ግጭት ውስጥ ገብቷል። መንገድ ይዘጋል፣ ኢንተርኔት ይቋረጣል፣ እንግዳም ቀርቷል። በአንድ ቤት የሚኖሩ ወንድማማቾች ሳይቀሩ የተለያየ ሐሳብ ይዘዋል። አንዳንድ ወጣቶች «እኛም እንደ ቤተልሔሙ ብንሠራስ?» ሲሉ እሰማለሁ። ጥያቄው ደስ ይለኛል። ግጭቱን ራሱን አሁን ሥሎ ለእንግዳ ማሳየት ላይ ግን አልስማማም። የሐዘን ድንኳን ያልተነሣበት ደጅ ብዙ ነው። የሟች እናት ሳትጠየቅ የልጇ ምስል ሆቴል ውስጥ መሰቀል የለበትም። ሰው በሐሳቡ በሚታሰርበት ጊዜ ደግሞ ሰዓሊው ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል።

አሁን ሊሠራ የሚችለው ሌላ ነው። የዘጌን ሥዕል ስልት የሚያውቁ ሰዎች አሉ። የደብረ ማርቆስና የባህር ዳር ወጣት ሰዓሊዎችም አሉ። የሆቴል ባለቤት ከሆናችሁ በአንድ ክፍል ጀምሩ። ክፍሉን ለአንድ ሰዓሊ ስጡት፣ ምን እንደሚሥልም ለእሱ ተዉለት። ስሙን በሩ ላይ ጻፉ። ክፍያውን በውል አድርጉት፤ ክፍሉ በተከራየ ቁጥር ድርሻ ቢኖረው ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። እንግዳ ሲመጣም ሰዓሊው ራሱ ወርዶ ሥራውን እንዲያስረዳ ጋብዙት።