የ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ

የ2013 ዓ.ም. ቤትኪንግ የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በተመረጡ አምስት ከተሞች ብቻ የተካሄደ፣ የጎንደሩ ፋሲል ከነማም በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ ያነሳበት የውድድር ዘመን ነው። የቀደመው የ2012 ውድድር በወረርሽኙ ምክንያት ተቋርጦ ከቆየ በኋላ ሚያዝያ 27 ቀን ያለ ሻምፒዮንና ያለ ወራጅ ተሰርዟል።

አዲሱ ዘመን ታኅሣሥ 3 ቀን 2013 በአዲስ አበባ ስታዲየም ተጀመረ። ጥቅምት ላይ በትግራይ በተቀሰቀሰው ጦርነት ምክንያት መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ ሊሳተፉ ባለመቻላቸው ተወዳዳሪዎቹ 13 ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ ጎዶሎ በመሆኑ በየሳምንቱ አንድ ክለብ አራፊ ይሆን ነበር፤ እያንዳንዱ ቡድንም በዓመቱ 24 ጨዋታ አደረገ።

ክለቦቹ በየሜዳቸው መጫወታቸው ቀርቶ ሁሉም በአንድነት ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ እየተዘዋወሩ ተጫውተዋል። ተጫዋቾች የኮሮና ምርመራ ያደርጉ ነበር፤ ውጤቱ ቫይረሱ እንዳለበት ያሳየ ተጫዋች ከስብስቡ ውጪ ይሆናል። የሜዳ ባለቤትነት ጥቅም በዚህ አሠራር ፈጽሞ ጠፍቷል ማለት ግን ያስቸግራል፤ አስተናጋጅ ከተሞቹ የራሳቸው ክለብ ሲኖራቸው፣ ባሕር ዳርም ለጎንደር ቅርብ መሆኑን የሚያነሱ አሉ። ይሁን እንጂ ፋሲል በሌሎቹም ከተሞች ነጥብ ሲሰበስብ ስለከረመ ክርክሩ ሚዛን የሚደፋ አይመስልም። ሊጉ በደቡብ አፍሪካው የስፖርት ቴሌቪዥን ሱፐርስፖርት አማካይነት በቀጥታ መተላለፍ የጀመረውም በዚሁ ዓመት ሲሆን፣ ስታዲየም መግባት ላልቻለው ደጋፊ ትልቅ ካሳ ሆኖለታል።

በ1960 ዓ.ም. የተመሠረተው ፋሲል ከነማ በ2011 ዋንጫውን በመጨረሻው ዕለት ያጣ ክለብ ነው። «ዐፄዎቹ» በሚል ቅጽል ስም የሚጠራውና በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ ይመራ የነበረው ቡድን በ2013 ግን ለተፎካካሪ ዕድል አልሰጠም። አምበሉ ያሬድ ባየህ የሚመራው ተከላካይ መስመርና ማሊያዊው ግብ ጠባቂ ሚኬል ሳማኬ ቡድኑን በቀላሉ የማይረታ ሲያደርጉት፣ በፊት መስመር ሙጂብ ቃሲም በተደጋጋሚ ጎል እያስቆጠረ ልዩነቱን አሰፋ። ክለቡ መርሐ ግብሩ ሳይጠናቀቅ ሻምፒዮንነቱን አረጋገጠ፤ ለጎንደር ሕዝብም ለዓመታት የተጠበቀ ደስታ ሆነ።

ሁለተኛ የወጣው ኢትዮጵያ ቡና ሲሆን፣ አጥቂው አቡበከር ናስር በ29 ጎሎች ኮከብ ግብ አግቢ ሆኗል። ይህም ጌታነህ ከበደ በ2009 በደደቢት ማሊያ ያስመዘገበውን የ25 ጎል ክብረ ወሰን የሰበረ ነው። በ24 ጨዋታ ብቻ መሆኑ ሲታሰብ በአማካይ በየጨዋታው ከአንድ ጎል በላይ ማለት ነው፤ ወጣቱ ቆይቶ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተዛውሯል።

የደረጃ ሰንጠረዡን ግርጌ የያዙት ወልቂጤ ከተማ፣ ጅማ አባ ጅፋርና አዳማ ከተማ ነበሩ። ሆኖም የትግራይ ክለቦች ባለመመለሳቸው በተዘጋጀው የማሟያ ውድድር አማካይነት ሦስቱም በሊጉ ቆይተዋል፤ አርባ ምንጭ ከተማ፣ መከላከያና አዲስ አበባ ከተማ ከሁለተኛው እርከን ከፍተኛ ሊግ አድገው በ2014 የክለቦቹ ቁጥር ወደ 16 ተመልሷል። ፋሲልም በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር በባሕር ዳር 2 ለ 2፣ በመልሱ 1 ለ 1 ተለያይቶ ሳይሸነፍ ከውድድሩ የወጣው ድምር ውጤቱ እኩል ሲሆን ከሜዳው ውጪ ብዙ ጎል ያገባውን ቡድን በሚያሳልፈው ሕግ ነው።