ድሬዳዋ ውስጥ ውሻ ሲናከስ፦ ጥፋቱ የዝርያው ነው የባለቤቱ?

ድሬዳዋ ውስጥ ውሻ የሌለበት ሰፈር የለም። ከዚራ በድሮዎቹ ሰፋፊ ግቢዎች ውስጥ አለ፤ ሳቢያን በየበሩ አለ፤ መጋላ ከገበያው ዳር አይጠፋም። ደቻቱ ወንዝ ውሃ በሌለበት ጊዜ ደግሞ አሸዋው ላይ በቡድን ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ልጅ ተነከሰ ሲባል ወዲያው ሁለት ወገን ይፈጠራል። አንዱ «እነዚህ የፈረንጅ ውሾች ይከልከሉ» ይላል፣ ሌላው «ውሻው ምን አጠፋ፣ ባለቤቱ ነው እንጂ» ይላል። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ዝርያ ምንም አይደለም አልልም፤ እኛ ከተማ ግን የንክሻው ሥር ያለው ሰው እጅ ላይ ነው።

የትኛው ውሻ?

በደምሳሳው ሦስት ዓይነት ውሻ አለ። የግቢ ውሻ ቀን ታስሮ ማታ ይፈታል። የሰፈር ውሻ ደግሞ ባለቤቱን ብትጠይቁ «የሰፈሩ ነው» የምትባሉት ነው፤ ትራፊ የሚሰጠው ብዙ ሰው ነው፣ ኃላፊነቱን የሚወስድ ግን አንድም የለም። የመንደሩን ሰው በጠረን ይለያል፣ እንግዳ ሲያይ ግን ተጠራርቶ ይወጣል። ሦስተኛው ጭራሽ ባለቤት አልባ ነው። ሉካንዳ ጓሮ፣ ገበያ ሲበተን የሚቀረው ቆሻሻ ላይ፣ ቱቦ ሥር ይኖራል።

ከነዚህ አብዛኞቹ የሀበሻ ውሾች ናቸው። መካከለኛ ቁመት፣ አጭር ጸጉር፣ ቡናማ ወይም ዥጉርጉር። ከፈረንጆቹ በብዛት ስሙ የሚነሳው ጀርመን ሸፐርድ ነው፤ አሁን አሁን ሮትዋይለርና ፒትቡል እየተባለ በቴሌግራም የሚሸጥ ቡችላም አለ። ወረቀት የለው፣ እናትና አባቱ አይታወቁ፣ በመልኩ ብቻ ነው ስም የሚወጣለት። ስለዚህ «ይሄ ዝርያ ይከልከል» ቢባል ራሱ እዚህ ከተማ ማን የትኛውን ለይቶ ነው የሚከለክለው?

ሌላ መረሳት የሌለበት ነገር አለ። በአካባቢያችን ሙስሊሙ በስፋት በሚከተለው የሻፊዒ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ ትርጓሜ መንገድ) የውሻ ምራቅ ነጃሳ፣ ማለትም ርኩስ፣ ነው፤ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ይታጠባል። ለጥበቃ፣ ለከብትና ለአደን ማሳደሩ ግን የተፈቀደ ነው። ክርስቲያኑም ቢሆን ውሻ ቤት አያስገባም፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ማስገባትማ አይታሰብም። ስለዚህ ውሻው ውጭ ይኖራል፣ የሰው እጅ ብዙም አይነካውም። ይህ በራሱ ክፋት አይደለም። ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ኃጢአቱ እንደተማረለት የሚናገረው ሐዲስ ከዚያው ሃይማኖት የመጣ ነው። ችግሩ እኛ ከቤት መራቁን ከመረሳት ጋር አንድ ማድረጋችን ነው።

ኃይለኛ ውሻ እንዴት ይሠራል

ብዙ ግቢ ውስጥ የምታዩት ነገር ይሄ ነው። ኒም ዛፍ ሥር አጭር ሰንሰለት አለ። ውሻው የሚደርስበት ቦታ ድረስ መሬቱ ተፍቆ ተፍቆ ክብ ሆኗል፣ አንዲት ሣር የለበትም። የውሃ ጣሳው ተገልብጧል። ቀትር ላይ ጥላው ሲዞር ሰንሰለቱ አያደርሰውምና ፀሐይ ላይ ይቀራል፤ የድሬን የግንቦት ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ቆርቆሮ በሩን በዱላ እየደበደቡ ያልፋሉ። በየቀኑ። ውሻው ይዘላል፣ ሰንሰለቱ አንገቱን ይዞ ይመልሰዋል። ታዲያ አንድ ቀን በሩ ክፍት ሆኖ ሰንሰለቱ ሲበጠስ፣ ያ ውሻ ከልጅ ጋር ያለው ትውውቅ ያ ብቻ ነው።

ቡችላ የሰውን፣ የልጅን፣ የባጃጅን፣ የሌላ እንስሳን ነገር በደንብ የሚለምደው ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ዕድሜው ከእናቱ ተነጥቆ ጓሮ የታሰረ ውሻ፣ አድጎ የማያውቀውን ሁሉ ይፈራል። ውሻ ደግሞ ከጥጋብ ይልቅ በፍርሃት ነው ብዙ ጊዜ የሚናከሰው። እኛ ጋ ግን ቡችላው «እንዲጨክን» ተብሎ ጨለማ ውስጥ ይዘጋበታል፣ ጆሮው ይቆረጣል፣ በርበሬ ያበሉታል የሚባሉም አሉ። ይሄ የሚያወጣው ጠባቂ አይደለም፤ የቤቱን ልጅና ሌባውን መለየት ያቃተው፣ የተሰቃየ እንስሳ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1991 ዴንቨር፣ አሜሪካ ውስጥ የተነከሱ ሰዎች መዝገብ ተይዞ ሲጠና፣ ታስሮ የሚውል ውሻ ካልታሰረው ይልቅ የመናከስ ዕድሉ 2.8 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። እዚያው ጥናት ላይ ግን ጀርመን ሸፐርድ ከሌሎች በላይ ጎልቶ ወጥቷል፣ ያልተኮላሸ ወንድ ውሻም እንደዚሁ። ይህን መደበቅ ተገቢ አይደለም።

ታዲያ ዝርያስ?

ትልቅ መንጋጋ ትልቅ ቁስል ያመጣል። አንድ የሀበሻ ውሻ ባት ላይ ይነክስና ይሸሻል፤ ለመያዝና ላለመልቀቅ የተዳቀለ 40 ኪሎ ውሻ ሕፃን ላይ ከወጣ ነገሩ ሌላ ነው። ዝርያ የሚለየው የጉዳቱን መጠን ነው። ይናከሳል ወይስ አይናከስም የሚለውን ግን ብቻውን አይነግራችሁም።

እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ከ18 ሺህ በላይ ውሾች ባለቤቶችን ጠይቆና ከውሾቹም የ2 ሺህ ያህሉን ዘረመል መርምሮ፣ በውሾች መካከል ካለው የባሕርይ ልዩነት ዝርያ የሚያስረዳው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ከዚያ በፊት በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ2000 እስከ 2009 አሜሪካ ውስጥ በውሻ የተገደሉ 256 ሰዎችን ጉዳይ አንድ በአንድ መርምሯል። የተገኘው ነገር እኛን በቀጥታ ይመለከታል። 87 በመቶ በሚሆኑት አደጋዎች ላይ ሊያስጥል የሚችል ሰው አጠገብ አልነበረም። 84 በመቶዎቹ ውሾች አልተኮላሹም። 76 በመቶዎቹ ከሰው ጋር ሳይላመዱ፣ ግቢ ውስጥ ተነጥለው የሚኖሩ ነበሩ። እዚህ ከላይ የጻፍኩትን ኒም ዛፍ አስታውሱና አሜሪካ ነው ብላችሁ አትለፉት።

በሕግ ዝርያ የከለከሉ አገሮች አሉ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እንግሊዝ በ1991 ፒትቡልን፣ የጃፓኑን ቶሳን፣ ዶጎ አርጀንቲኖንና ፊላ ብራዚሌሮን ከለከለች፤ ከየካቲት 2024 ጀምሮ ደግሞ ኤክስኤል ቡሊ የተባለውን ግዙፍ ውሻ ያለ ልዩ ፈቃድ መያዝ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ወንጀል ሆኗል። ኔዘርላንድ በ1993 የጀመረችውን እገዳ በ2008 ንክሻውን አልቀነሰም ብላ አነሳችው። ጣሊያን በ2009 የዝርያ ዝርዝሯን ትታ ሸክሙን ባለቤቱ ላይ አደረገች። ዴንቨርም ራሷ ከ1989 ጀምሮ የነበረውን የፒትቡል እገዳ በ2020 በሕዝብ ድምፅ አንስታለች። እኔን የሚያሳምነኝ የኋለኞቹ መንገድ ነው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ አንድ ሰዓት ያህል መንገድ ሐረር አለች። የጀጎል ግንብ ላይ ጅብ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀዳዳ አለ። ማታ ማታ ጅቡ በጠባቦቹ መንገዶች ገብቶ ትራፊና አጥንት ለቅሞ ይሄዳል፤ ፈላና በር አጠገብ ሰው በእጁ፣ ሲፈልግም በአፉ በያዘው እንጨት ሥጋ ያጎርሰዋል። አጥንት የሚያደቅ አውሬ ነው እኮ! የአውሬው ተፈጥሮ ብቻ ቢሆን የሚወስነው፣ እዚያ ከተማ ማታ ወጥቶ መግባት ባልተቻለ ነበር። ሰዉ ለጅቡ ቦታም ደንብም ሰጥቶታል፣ ልጆቹንም እንዴት እንደሚያልፉት ያስተምራል። ለውሻ ይህን ያህል አላሰብንም።

የሚነከሰው ማነው

በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ፣ እብድ ነው ተብሎ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ልጅ ይሮጣል፣ ይጮኻል፣ የሚበላ ውሻ ጭራ ይጎትታል። ፊቱና አንገቱ ደግሞ ከውሻው አፍ ጋር እኩል ነው። ቀጥሎ ለሱብሂ ወይም ለኪዳን ጎህ ሳይቀድ የሚወጡ ሰዎች፣ ቆጣሪ አንባቢዎችና ማታ የሚሠሩ ባጃጆች አሉ። ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ያነሳ መምሰል የሰፈር ውሻን ይመልሳል፤ ለኃይለኛነት ያሳደጉትን ግን አይመልስም። በተለይ ለልጆች የሚሻለው አለመሮጥ፣ ዓይን ለዓይን አለማየት፣ ዝም ብሎ ቆሞ ቀስ እያሉ ማፈግፈግ ነው። ከወደቁ አንገትንና ፊትን በእጅ ሸፍኖ መጠቅለል።

ከተነከሱ በኋላ

እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ምክንያቱም ሰው የሚሞትበት ቦታ ይሄ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ገደማ ሰው ይገድላል ተብሎ ይገመታል፤ ሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶው ከውሻ የመጣ ነው። ምልክቱ እስኪታይ ብዙ ጊዜ 2 ወይም 3 ወር ይፈጃል፣ ያ ጊዜ ነው ብዙ ሰው የሚያዘናጋው። «ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ደርቋል፣ ተውኩት» ይላል።

ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት። ቡና መነስነስ፣ ቅጠል መጫን፣ ጸበል ብቻ ብሎ መቆየት ቀን ይበላል። ጸበሉን የሚፈልግ ይሂድ፣ ግን ክትባቱን ይዞ ይሂድ። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ድረሱ። ሆድ ላይ በተከታታይ የሚወጋውን የድሮውን ክትባት ፈርቶ የሚቀር ሰው አለ፤ አዲሱ ክትባት የሚወጋው ክንድ ላይ ነው፣ የመርፌውም ቁጥር ጥቂት ነው።

ውሻውን ደግሞ ወዲያው አትግደሉት። እኛ ጋ ልማዱ በድንጋይ መጨረስ ነው፣ ንዴቱም ይገባኛል። ግን ባለቤቱ የታወቀ ውሻ ታስሮ ለ10 ቀን ቢታይና ጤነኛ ከሆነ፣ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው፤ የተጀመረው ክትባትም በሐኪም ትእዛዝ ሊቆም ይችላል። የሞተ ውሻ ይህን አይነግራችሁም። «የሰፈሩ ነው» የሚባለው ውሻ አደጋው እዚህም ይታያል፤ አስሮ የሚጠብቀው ማን ነው? የተከተበ መሆኑንስ ማን ይመሰክራል?

በየከተማው የተለመደው መፍትሔ በሥጋ መርዝ ማብላት ነው። ውሾቹ ለተወሰነ ጊዜ ይቀንሳሉ፣ ቆሻሻው እስካለ ግን ሌሎች መጥተው ቦታውን ይይዛሉ፣ ያልተከተቡ። ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ የበሽታው መተላለፍ ይቋረጣል። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁን ይዞ አፍንጫችን ሥር ነው ያለው። ሉካንዳው አጥንቱን መንገድ ላይ መድፋት ቢያቆም፣ ቀበሌው በዓመት አንድ ቀን ውሾቹን ቢያስከትብና ቢመዘግብ፣ የባለቤት አልባዎቹ ጉዳይ ግማሹ ይቃለል ነበር ባይ ነኝ።

ሕጉ ምን ይላል

የኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥያቄው መልስ አለው። በቁጥር 2071 መሠረት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊው ባለቤቱ ነው፤ እንስሳው አምልጦ ቢሆንም፣ ጉዳቱ ይደርሳል ተብሎ ያልታሰበ ቢሆንም። ስለ ዝርያ አንድም ቃል የለም። ባለቤቱ ማምለጥ የሚችለው ተጎጂው ራሱ ባጠፋው ልክ ነው። ውሻውን ለተጎጂው አስረክቦ ከካሣ የሚድንበት መንገድም ሕጉ ውስጥ አለ፣ ግን የራሱ ጥፋት ካለበት አይሠራም። በር ከፍቶ መተው ደግሞ ጥፋት ነው። ጉዳቱ ከፍ ያለ ከሆነ በቸልተኝነት የአካል ጉዳት በማድረስ በወንጀል ሊያስጠይቅም ይችላል። በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ብሎ የለጠፈ ሰው ነፃ ወጣሁ ካለ ተሳስቷል፤ ውሻው አደገኛ መሆኑን በራሱ እጅ ጽፎ መስክሯል።

በተግባር ግን ድሬ ላይ ክስ የሚመሠርት ሰው አይበዛም። ጎረቤት ነው፣ ቡና አብረው ይጠጣሉ፣ «አቦ ተዪው፣ መድኃኒቱን እሱ ይከፍላል» ተብሎ በሽማግሌ ያልቃል። ሽምግልናው መልካም ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው መርፌ ተከፍሎ የቀረው ሲረሳ፣ ፊቷ ላይ ጠባሳ የቀረባት ልጅ ነገር ደመ ከልብ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሽማግሌም ቢገባ የሕክምና ማስረጃውን ያዙ፣ ቁስሉን በዕለቱ ፎቶ አንሱ፣ ያየ ሰው ካለ ስሙን ጻፉ፣ ስምምነቱ ክትባቱን እስከ መጨረሻው መርፌ የሚሸፍን መሆኑን በወረቀት አድርጉት። ካሣ የሚጠየቅበት ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንስቶ 2 ዓመት ነው፤ ባለቤቱ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያለ ቢያመላልሳችሁ ያ ጊዜ ሳያልፍ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ።