ስለ ኮቲ «ሺፕር» የሚባሉና እውነት ያልሆኑ ነገሮች

«ሺፕር» ፈረንሳዊው ሽቶ ቀማሚ ፍራንሷ ኮቲ እ.ኤ.አ. በ1917 ፈረንሳይ ውስጥ ያወጣው የሴቶች ሽቶ ነው። ዛሬ አይመረትም። ስሙ ግን አሁንም ይነሳል፤ አብሮት የሚነሳው ወሬ ሁሉ ልክ አይደለም።

«ሐሳቡን ከባዶ የፈጠረው ኮቲ ነው»

በቆጵሮስ ደሴት ስም (በፈረንሳይኛ «ሺፕር») የሚጠሩ ሽቶዎችና መዓዛ ያላቸው ዱቄቶች ከእሱ በፊት ለብዙ ዘመን ነበሩ። ኮቲ የሠራው ሌላ ነገር ነው፦ ለሐሳቡ ጥርት ያለ ቅርጽ ሰጠው። ከላይ (መጀመሪያ የሚሸተው) ቤርጋሞት፣ መሐል ላይ ጽጌረዳና ጃስሚን፣ ከሥር (መጨረሻ ላይ የሚቀረው) ላብዳነምና ኦክሞስ። ከዚያ ወዲህ ይህን አወቃቀር የተከተሉ ሽቶዎች ሁሉ «ሺፕር» ይባላሉ። የአንድ ጠርሙስ ስም የአንድ ወገን ሁሉ መጠሪያ ሆነ ማለት ነው።

«ከባድ ነው፣ የአሮጊት ሽቶ ነው»

ይሄኛው ያናድደኛል። መጀመሪያ አፍንጫ ላይ የሚመጣው ቤርጋሞት እኮ ብሩህና መረር ያለ የሎሚ ዘመድ ነው! ላብዳነም ከቁጥቋጦ የሚገኝ ሙጫ ነው፤ ሞቅ ያለና ጣፈጥ ያለ ሽታ አለው። ኦክሞስ ደግሞ እርጥብ የጫካ መሬት ይሸታል። የዚህ ሽቶ ውበት ብሩሁና ጨለማው ሲጋጩ ነው። ታዲያ ከባድ ነው የሚሉት ሰዎች ከየት አመጡት? ብዙ ዓመት የቆየ ጠርሙስ አሽትተው ይሆናል። ሽቶ ሲያረጅ ቀድሞ የሚበላሸው የላይኛው የሎሚ ሽታ ነው፤ የሥሩ ግን ይቆያል። ስለዚህ ያገኙት ግማሹን ብቻ ነው።

«ኦክሞስ የሞስ ዓይነት ነው»

ስሙ «ሞስ» (እርጥብ ቦታ ላይ የሚበቅል ትንሽ አረንጓዴ ተክል) ቢልም ላይከን ነው። ፈንገስና አልጌ ተዳብለው የሚኖሩበት፣ በዛፍ ቅርፊት ላይ የሚበቅል።

«ያጠፋው የአውሮፓ ሕግ ነው»

ጊዜው አይገጥምም። የአውሮፓ ኅብረት ኦክሞስ ውስጥ ያሉትን አትራኖልና ክሎሮአትራኖል የተባሉ ንጥረ ነገሮች ቆዳ ላይ አለርጂ ስለሚያስነሱ የከለከለው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ሺፕር ግን ከዚያ በፊት ከገበያ ከወጣ ቆይቷል። ኦክሞስም ራሱ አልተከለከለም፤ ሁለቱ ነገሮች ተጣርተው ሲወጡለት ይሠራበታል።

«ሚትሱኮ ያው እሱ ነው»

ገርሌን የተባለው የፈረንሳይ ሽቶ ቤት ሽቶ የሆነው ሚትሱኮ እ.ኤ.አ. በ1919 የወጣ የቅርብ ዘመዱ ነው። ነገር ግን ኮክ የሚሸት ሰው ሠራሽ ንጥረ ነገር አለው፤ ለስለስ ያደረገውም እሱ ነው።

«ዛሬ ማንም ሊያሸተው አይችልም»

ቬርሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 የተቋቋመ ኦስሞቴክ የሚባል የሽቶ ማኅደር አለ። የኮቲ ሺፕር እንደገና ተቀምሞ እዚያ ይገኛል። ሽቶዎቹ የሚቀመጡት ብርሃን በሌለበት ቀዝቃዛ ቦታ ነው፤ አየር እንዳያበላሻቸውም ጠርሙሱ ውስጥ አርጎን ጋዝ ይሞላል። አይሸጥም፤ የሄደ ሰው ግን ወረቀት ሽቶው ውስጥ ተነክሮለት ያሸታል።