ለአራት ሰው ጂ ፕላስ ሁለት? ስለ ቤት ስፋት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ልሠራ ነው ወይም ልገዛ ነው ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ካሬ ነው?» ተብሎ ነው። «ስንት ሆናችሁ ትኖሩበታላችሁ?» የሚል ጠያቂ ብዙም አይገጥመውም። ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆች፣ ምናልባት አንዲት የቤት ሠራተኛ። ለዚህ ቤተሰብ አምስት መኝታ ያለው ፎቅ ይታቀዳል። እቁቡም፣ ብድሩም፣ ውጭ ያለች እህት የምትልከውም ገንዘብ እዚያ ይገባል። ከዚያ ሥራው ግማሽ ላይ ይቆማል፤ ቤተሰቡም ለዓመታት በኪራይ ይኖራል። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ማንም ቆም ብሎ ካልመረመራቸው እምነቶች ነው።

«እኛ አገር ቤተሰብ ትልቅ ነው»

ነበር። ከተማው ላይ ግን ተቀይሯል። በ2008 ዓ.ም የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ የምትወልደው 1.8 ልጅ ብቻ ነበር። በአገር ደረጃ ግን ቁጥሩ 4.6 ነበር። ሰባትና ስምንት ልጅ ያሳደጉት ብዙዎቹ እናቶቻችን ደግሞ ያሳደጉት በሁለትና በሦስት ክፍል ነው። ተመችቷቸው ነበር እያልኩ አይደለም፣ ብዙዎቹ ተጨናንቀው ነው የኖሩት። ግን የእነሱን ጭንቀት እያስታወስን ለሁለት ልጅ የስምንት ልጅ ቤት መሥራት ሌላ ጭንቀት መግዛት ነው።

«እንግዳ ቢመጣስ? ለቅሶ ቢደርስስ?»

ከሁሉም ጠንካራው ክርክር ይሄ ነው፣ በቀላሉም አይታለፍም። እኛ እንግዳ ተቀባይ ሰዎች ነን። ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የሚመጣ አጎት አለ። ዩኒቨርሲቲ የደረሰው የእህት ልጅ አለ። ለበዓል የሚሰበሰብ ዘመድ አለ።

እስቲ ለቅሶውን እንውሰድ። ለቅሶ ሲደርስ ሰው የሚቀመጠው የት ነው? እድሩ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱንና ሳህኑን ይዞ ይመጣል። ድንኳኑ ግቢ ውስጥ ወይም መንገድ ዳር ይተከላል። መቶና ሁለት መቶ ሰው ለሚመጣበት ለቅሶ 20 ካሬ ሳሎንም አይበቃም፣ 40 ካሬ ሳሎንም አይበቃም። ጎረቤት ተሰባስቦ በየወሩ የሚያዋጣው ማንም ብቻውን ሊሸከመው ስለማይችል ነው። ሰርጉም ቢሆን ዛሬ ዛሬ አዳራሽ ነው። ኮንዶሚኒየሞቹ ሲሠሩም ይሄ ታስቦበታል፤ በየሳይቱ ለድግስ፣ ለእርድና ለልብስ ማጠቢያ እንዲሆን «ኮሙናል» የምንለው የጋራ ቤት ተሠርቷል። አንዳንድ ቦታ ኮሙናሉ ለሌላ ነገር መዋሉ ያናድዳል፣ ነዋሪውም ሊጠይቅበት ይገባል፣ ምክንያቱም ያ ቤት ነው የየአንዳንዳችንን ሳሎን ጭነት የሚያቀለው።

የሚያድር እንግዳ ደግሞ የሚፈልገው ንጹሕ ፍራሽ፣ በቂ ብርድ ልብስ፣ የሚዘጋ በርና የሚሠራ መታጠቢያ ቤት ነው። የልጆቹ ክፍል ለሳምንት ቢለቀቅለት ምንም አይደለም። ልጆቹ ሳሎን ፍራሽ አንጥፈው ይተኛሉ፣ ደስም ይላቸዋል። በዓመት ለጥቂት ሳምንት ብቻ ለሚያገለግል ክፍል ዓመቱን ሙሉ ዕዳ መክፈል ግን እንግዳውም የጠየቃችሁ ነገር አይደለም። አጎት የመጣው እናንተን ብሎ ነው።

መጥቶ ለዓመታት የሚኖር ዘመድ ካለ ግን እሱ እንግዳ አይደለም፣ ቤተሰብ ነው። ስትቆጥሩ አብራችሁ ቁጠሩት።

«እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ክፍል ያስፈልገዋል»

ሁለት ትንንሽ ልጆች በተደራራቢ አልጋ አንድ ክፍል ውስጥ ቢያድጉ የሚጎድልባቸው ነገር የለም። ወንድና ሴት ከሆኑ ከፍ ሲሉ መለየት አለባቸው፣ እዚህ ላይ አልከራከርም፤ ያኔ ሦስት መኝታ ያስፈልጋል። ሦስት ግን አምስት አይደለም።

«ለማጥናት» የሚባለው ምክንያት ላይ ግን ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። ልጅ ለማጥናት የሚያስፈልገው ጸጥታ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ጥሩ መብራት፣ እና በጥናት ሰዓት የሚዘጋ ቴሌቪዥን። ድራማው ከሳሎን እስከ ላይኛው ፎቅ የሚሰማበት ቤት ውስጥ ልጁ የራሱ ክፍል ስላለው ብቻ አያጠናም። በሳሎኑና በመኝታዎቹ መካከል የሚዘጋ በር ያላት ትንሽ ኮሪደር ከተጨማሪ መኝታ ቤት የበለጠ ትጠቅመዋለች፣ ዋጋዋም ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

«ሳሎን ካልሰፋ ቤት አይባልም»

ብዙ ቤት ውስጥ ከሁሉ ሰፊውና ብርሃን የሚገባው ክፍል ሳሎኑ ነው። ትልቁ ሶፋም፣ ቡፌውም፣ ጥሩው ምንጣፍም እዚያ ነው። ቤተሰቡ ግን ማድ ቤት አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ተጠጋግቶ ይውላል። ልጅ ሳሎን ከገባ «ሶፋው ላይ እንዳትወጣ!» ይባላል።

ይሄ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ዩሲኤልኤ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2005 ሎስ አንጀለስ ውስጥ 32 ቤተሰቦችን ቤታቸው ድረስ ሄደው ኑሯቸውን ተከታትለው ነበር። መካከለኛ ገቢ ያላቸው፣ ባልም ሚስትም የሚሠሩ ቤተሰቦች ናቸው። ሰዎቹ እቤት ሲሆኑ በብዛት የሚሰባሰቡት ማድ ቤትና ቴሌቪዥኑ አካባቢ ሆኖ ተገኘ፤ ሌላው የቤቱ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ሰው አይረግጠውም። አብዛኞቹ ጋራዣቸው በዕቃ ስለተሞላ መኪናቸውን የሚያቆሙት ውጭ ነበር። ቦታ ሲኖር ዕቃ ይመጣል፣ ዕቃው ቦታውን ይሞላዋል፣ ከዚያ እንደገና «ጠበበን» ይባላል።

ስለዚህ ፕላን ስታሠሩ ሳሎኑን ቀነስ፣ ማድ ቤቱን ሰፋ አድርጉት። እኔ ብጠየቅ ለበዓል ብቻ ከሚከፈት 40 ካሬ ሳሎን ይልቅ አራት ሰው ቁጭ ብሎ የሚበላበት፣ ቡና የሚፈላበት፣ የእንጀራው እንፋሎት የሚወጣበት በቂ መስኮት ያለው ማድ ቤት እመርጣለሁ። የቀን ተቀን ኑሮ ያለው እዚያ ነው።

«አንድ ክፍል ቢጨመር ምን ያህል ይጨምራል?»

አራት በአራት የሆነ መኝታ 16 ካሬ ነው። ግድግዳውንና ወደ እሱ የሚያደርሰውን ኮሪደር ስትጨምሩበት ወደ 20 ካሬ ይጠጋል። ኮንትራክተሩ በካሬ የጠራላችሁን ዋጋ በ20 አባዙት፣ መልሱን ታገኛላችሁ። ከዚያ በሩ፣ መስኮቱ፣ ቁም ሳጥኑ፣ አልጋው፣ መጋረጃው ይከተላል። በየጊዜው ቀለሙ አለ። በ2017 ዓ.ም የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል፤ የመሬት ይዞታንም ሕንፃንም የሚመለከት ታክስ ስለሆነ ትርፍ ክፍል የግንባታ ወጪ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ከገንዘቡ በላይ ግን ሳይቆጠር የሚታለፈው ጉልበቱ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማ፣ ሮቶ እየጠበቁ ሦስት መታጠቢያ ቤትና ሁለት ፎቅ ደረጃ የሚያጸዳው ማን ነው? ብዙ ጊዜ የቤቱ እናት ናት፣ ወይም ሠራተኛዋ። «ሰፊ ቤት ነው የሠራነው» የሚል አባወራ በሳምንት ስንት ሰዓት መጥረጊያ እንደሚይዝ ራሱን ይጠይቅ።

ደግሞ አንድ በጣም የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። 300 ካሬ ቤት ተሠርቶ፣ ሁለት የእንግዳ መኝታ ባዶውን ተቀምጦ፣ ሠራተኛዋ ግን ሰርቪስ ውስጥ ከሽንኩርትና ከከሰል ጋር ፍራሽ ዘርግታ ትተኛለች። በየቀኑ እዚያ ቤት የምታድረው እሷ ናት። አንድ መኝታ ለማን ይገባል ከተባለ ከማይመጣው እንግዳ በፊት ለእሷ ይገባታል።

«መሬቱ ካለ ሙሉውን መሸፈን ነው»

በ175 ካሬ የማህበር ቦታ ላይ አጥር ለአጥር የተሠራ ቤት አይታችሁ ይሆናል። የጎን መስኮቶቹ የጎረቤት ግድግዳ ያያሉ። ቀን መብራት ይበራል። ክረምት ላይ ልብስ የሚሰጣበት የለም፣ እርጥበቱ ግድግዳ ላይ ይወጣል፣ ልጆች የሚሯሯጡበት ግቢ አይኖርም። ክፍል ሲጨመር የጠፋው ፀሐይና አየር ነው፣ እነሱን ደግሞ በኋላ መግዛት አይቻልም።

«ለጊዜው ምድሩን እንሥራ፣ ፎቁ በኋላ ይቀጥላል» የሚባለውም እንዲሁ ነው። ፎቅ ለመሸከም መሠረቱና ኮለኑ ከአሁኑ መወፈር ስላለበት ወጪው ዛሬውኑ ይጀምራል። ከጣሪያው በላይ የቀረው ፌሮ ይዝጋል። ሳይሸፈን የቆየ ሶሌታ ክረምት ላይ ውሃ ያሳልፋል። ልጆቹ አድገው ከቤት ሲወጡ ፎቁ ገና ያልተጀመረበት ቤት ብዙ ነው።

«ቤት ገንዘብ ይይዛል፣ ስለዚህ በሰፋ ቁጥር ይሻላል»

ብር ዋጋው ሲወርድ ሰው ቤት ላይ መሸሸጉ ይገባኛል። ግን የቤትን ዋጋ በአብዛኛው የሚጨምረው ያለበት ሰፈር፣ መንገዱ፣ ትራንስፖርቱ፣ ውሃው ነው። ሴራሚኩና ቧንቧው ያረጃል። ደላላ ጠይቁ፤ ጠቅላላ ዋጋው በጣም ከፍ ያለ ቤት ገዢው ትንሽ ነው፣ ገንዘቡ ሲቸግራችሁ ቶሎ አይሸጥም። ቦሌ ወይም ኦልድ ኤርፖርት ለድርጅት የሚከራይ ትልቅ ቪላ መሥራት የምትፈልጉ ከሆነ ግን እሱ ንግድ ነው፣ እንደ ንግድ አስሉት። የቤተሰብ መኖሪያ ከሚለው ሐሳብ ጋር አትቀላቅሉት።

«ውጭ አገር ሰው ሁሉ ትልቅ ቤት ነው የሚኖረው»

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ የሚሠራ መካከለኛ የቤተሰብ ቤት 1,500 ስኩዌር ፊት (ወደ 140 ካሬ) ገደማ ነበር። በ2015 ከ2,400 በላይ (ከ220 ካሬ በላይ) ሆኗል። በዚሁ ጊዜ በአንድ ቤት የሚኖረው ሰው ቁጥር ደግሞ ቀንሷል። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ምን እንደሚያስከፍል ያውቁታል፤ ባልም ሚስትም ድርብ ሥራ ይሠራሉ፣ የቤቱን ብድር፣ የንብረት ታክስና የማሞቂያ ሂሳብ ለመክፈል። ይሄን እያወቁ አዲስ አበባ ላይ በዓመት ለሦስት ሳምንት ዕረፍት ጂ ፕላስ ሁለት ሲያሠሩ ማየት ልቤን ይነካዋል። ዘበኛ ይቀጠራል፣ ቧንቧ ይፈነዳል፣ ማንም አያየውም። ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ቢሆን ኖሮ ቆልፎ መሄድም ማከራየትም ይቀል ነበር።

«እንግዲያውስ ስቱዲዮ ለሁሉም ይበቃል»

ይሄም ስህተት ነው፣ ይህን ጽሑፍ ይዞ ቤተሰቡን የሚያጨናንቅ ሰው እንዳይኖር። የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች መኖሪያ ፕሮግራም፣ ዩኤን ሃቢታት፣ በአንድ ክፍል ከሦስት ሰው በላይ ከኖረ መጨናነቅ ነው ይላል። በአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት አምስትና ስድስት ሆነው የሚኖሩ ሰዎች ችግር እውነተኛ ነው፤ በሽታ ይተላለፋል፣ እንቅልፍ የለም፣ ገመና የለም።

ለአራት ሰው እንግዲህ ምን ያህል? 40/60 በተባለው የመንግሥት የቤት ቁጠባ ፕሮግራም የተመዘገቡ ሰዎች ቁጥሩን ያውቁታል፦ ባለ አንድ መኝታው 55፣ ባለ ሁለቱ 75፣ ባለ ሦስቱ 100 ካሬ ተብሎ ነው የተመዘገበው። 75 ካሬ ለአራት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ወደ 19 ካሬ ይደርሳል። በደንብ ከተከፋፈለ ይበቃል። ሠራተኛ አብራ የምታድር ከሆነ፣ ወንድና ሴት ልጆች ከጎረመሱ፣ ወይም እቤት ውስጥ ልብስ የሚሰፋ፣ እንጀራ ጋግሮ የሚሸጥ ሰው ካለ ወደ 100ው መሄድ ተገቢ ነው።

እናት ወይም አባት አብረው ሲኖሩ ደግሞ ከስፋቱ በፊት ፎቁን እዩ። ብዙዎቹ የ20/80 ኮንዶሚኒየም ብሎኮች ጂ ፕላስ አራት ናቸው፣ ሊፍት የላቸውም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሦስት መኝታ ቢሰጣቸው ቤተ ክርስቲያን መሳለም፣ መስጊድ መሄድ፣ ጎረቤት ቡና መጠጣት ይቀርባቸዋል። የደረሳችሁ ቤት እላይ ከሆነ እሱን አከራይታችሁ እዚያው ሳይት ውስጥ ምድር ላይ ባለ ሁለት መኝታ ተከራዩ። አንድ ክፍል ይቀንስባችኋል፣ እሳቸው ግን ጠዋት በራሳቸው እግር ከቤት ይወጣሉ።