ፕሬዚዳንት መግደል የፌዴራል ወንጀል ያልነበረበት ዘመን

በአሜሪካ ፕሬዚዳንት መግደል የፌዴራል ወንጀል የሆነው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። አዎ፣ ኬኔዲ ከተገደለ በኋላ! ከዚያ በፊት ጉዳዩ እንደማንኛውም የሰው ግድያ ይታይ ነበር። የሚዳኘው ወንጀሉ በተፈጸመበት ክፍለ ግዛት ሕግ ነው። ኬኔዲን ገድሏል የተባለው ኦስዋልድ በሕይወት ቢቆይ ኖሮ የሚከሰሰው በቴክሳስ ሕግ ነበር።

የፕሬዚዳንት ማኪንሊ ግድያ ነገር ደግሞ ይብሳል። በ1901 ቡፋሎ ውስጥ ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን ለመጨበጥ ተሰልፏል። ሊዮን ቾልጎሽ የተባለ አናርኪስት (መንግሥት የሚባል ነገር አያስፈልግም ባይ) ሽጉጡን በመሐረብ ሸፍኖ ተራውን ጠበቀ። ሲደርሰው ሁለቴ ተኮሰ። የኒውዮርክ ፍርድ ቤት ችሎቱን በሁለት ቀን ጨረሰ። ሰውየው በዚያው ዓመት በኤሌክትሪክ ወንበር ተቀጣ።

ኮንግረስ ታዲያ ምን አደረገ? በ1903 አናርኪስቶች ወደ አገሩ እንዳይገቡ ከለከለ። ጉድ እኮ ነው፤ ቾልጎሽ የተወለደው እዚያው ሚሺጋን ነው! ሕጉ የያዘው ሌላ ሰው ነው። እንግሊዛዊው አናርኪስትና የሠራተኛ ማኅበር ሰው ጆን ተርነር ኒውዮርክ ንግግር አድርጎ ሲጨርስ ታሰረ። ማንንም አልገደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1904 ሕጉን አጸናው።